ያልተደገመው ጥያቄ

ሴት ከወንድ ያነሰ ጥርስ አላት ብሎ የጻፈ ታላቅ ፈላስፋ እንደነበረ የሰማነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነው። ያንኑ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ 635 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ እኔና ጓደኛዬ ጥርሳችንን በምላሳችን ቆጠርን። እኔ ሃያ ዘጠኝ አገኘሁ፤ ሦስቱን አገር ቤት ሳለሁ አስነቅዬአቸዋለሁ። እሷ ሠላሳ ሁለቱም አሏት። «ሶ፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ እኔ ደግሞ ወንድ ነኝ ማለት ነው» አለች። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጡሩምባ እስኪነፋብን ድረስ ሳቅን። ያንን ሳቅ ዛሬ ሳስታውሰው ደስ አይለኝም።

ያኔ ቤድፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበር የምንኖረው፤ እኔ ላይኛው ፎቅ፣ እሷ ታችኛው። ባንኮች በየሳምንቱ ወደቁ የሚባልበት ዘመን ነው። እኔ ኤርፖርት ውስጥ ሰባት ዓመት ዊልቸር ስገፋ ቆይቼ፣ ዕድሜዬ አርባን ሲጠጋ ነርስ ልሁን ብዬ የተነሳሁ ሴት ነኝ። እሷ በአሥር ዓመት ታንሰኛለች። ከአዲስ አበባ በጋብቻ ከመጣች አራት ዓመቷ ነበር፤ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት፤ ባሏ ሌሊት ሌሊት የሆቴል እንግዶች ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነበር። «እትዬ» ትለኛለች እንጂ የምታከብረኝን ያህል የምትሰማኝ አልነበረችም፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ፈጣን መሆኗን ሁለታችንም እናውቃለን።

ለነርሲንግ ትምህርት ቤት ለማመልከት ለሁለታችንም አንድ ኮርስ ብቻ ቀርቶን ነበር። ለሥራዬም ለባሏ ሺፍትም የተመቸ ሆኖ የተገኘው፣ ሪቻርድሰን አጠገብ ባለ ኮሌጅ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ የፍልስፍና ክፍል ነው። ማመልከቻው ጥር ላይ ይዘጋል። ያኔ የኮርሱ ውጤት በእጁ የሌለ ሰው ዓመት ይጠብቃል። ለእኔ ዓመት መጠበቅ ማለት ዓመት ዊልቸር መግፋት ነው፤ ይቻላል። ለእሷ ግን ከባሏ ጋር የተነጋገሩት ነገር ነበር፦ ዘንድሮ ከገባች ትማራለች፤ ካልገባች ትምህርቱ ይቀርና ሁለተኛ ልጅ ይወልዳሉ። ይህን የነገረችኝ እየነዳሁ ሳለ መንገዱን እያየች ነው። «ማለቴ፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም» አለች፤ «ቃል ነው የገባነው፤ እኔም እሺ ብያለሁ።»

መጽሐፉን በጋራ ነበር የገዛነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ እኔ ጋ ያድራል፣ ከሐሙስ ጀምሮ እሷ ጋ። ሐሙስ ሐሙስ እንደ መሶብ ልብስ ንጹሕ አድርጌ አስረክባታለሁ፤ ሰኞ ሲመለስ ዳርና ዳሩ በእርሳስ በአማርኛ ተሞልቶ አገኘዋለሁ። «ውሸታም» የሚል ነበረበት። «ይሄ ደግሞ እውነቱን ነው» የሚል ነበረበት። አንድ ገጽ ላይ «አባቴም እንዲህ ይል ነበር» ብላ ጽፋ፣ መልሳ ልታጠፋው ሞክራለች።

አስተማሪያችን ነጭ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትመጣ አሮጊት ነበረች። ግሪኮቹ ዘንድ የደረስነው በአራተኛው ሳምንት ነው። የዚያን ዘመን የከተማ ሴት፣ የጨዋ ሚስት የምትባለዋ፣ ከቤት አትወጣም፤ ሸመታውን እንኳ ባልና ባሪያ ናቸው የሚወጡለት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያገባል። ፍርድ ቤት ጉዳይ ቢኖራት ራሷ አትቆምም፤ አባቷ ወይ ባሏ ይቆምላታል። እንግዲህ ፈላስፎቹም የተነሱት ከዚህ ቤት ነው አለችን አስተማሪያችን፤ አንዳንዱ ቤቱን ጠየቀ፣ አንዳንዱ ቤቱን አጸደቀ።

ጠያቂው አንጋፋው ነው፤ አጽዳቂው ደግሞ ከእሱ እግር ሥር ሃያ ዓመት የተማረ ልጅ ነው። እኔና ጓደኛዬ መኪና ውስጥ በስማቸው አንጠራቸውም ነበር፤ አንጋፋውን «የኔታ»፣ ያንን የጥርስ ነገር የጻፈውን ተማሪውን ደግሞ «ደቀ መዝሙሩ» ብለናቸዋል።

የኔታ ስለ ውሻ ነው የጀመረው። የበግ ጠባቂ ውሻ ሴቷ ቡችላ ስለወለደች ቤት ትቀመጥ አይባልም፤ ከወንዱ እኩል ትጠብቃለች፣ ከወንዱ እኩል ታድናለች። ታዲያ ከተማ ለመጠበቅ ተፈጥሮዋ የተመቸ ሴት ብትገኝ የወንዱን ትምህርት ሙሉውን ለምን አትማርም? ጓደኛዬ ይህንን ስትሰማ ከወንበሯ ተነስታ ልትቆም ምንም አልቀራት። መኪና ውስጥ ግን ተጠራጠረች። «ውሻ ብሎ ሰደበን ወይስ አመሰገነን?» አለችኝ። ሁለቱንም ነው አልኳት።

ደቀ መዝሙሩ ደግሞ ሰውን ደረጃ በደረጃ ደረደረው። ባሪያ ነገርን የሚመክርበት አእምሮ የለውም። ልጅ አለው፣ ግን አልበሰለም። ሴትስ? ሴት አላት፣ ግን ሥልጣን የለውም። ይህን አስተማሪያችን ስትነግረን ምንም አልመሰለኝም ነበር፤ ማስታወሻዬ ላይ በቁጥር ጻፍኩት። ከጎኔ ያለችው ግን በክንዷ ጎሰመችኝ። «ይሄ ሰውዬ የኛ አገር ሰው ነው እንዴ? ‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ› ነው እኮ ያለው!»

እጇን አወጣችና አስተማሪዋን ጠየቀች። እንግሊዝኛዋ እንደኔው የተሰባበረ ነው፤ ግን አላፈረችበትም። ምክሩ አላት ካለ፣ ሥልጣኑ ከተፈጥሮዋ የጎደለ ነው ወይስ ያለውን ሰው ወሰደባት? አስተማሪያችን መነጽሯን አወለቀች። ለዚህ ጥያቄ በሴሚስተሩ መጨረሻ በምታቀርቡት ሥራ መልሱልኝ አለች። ሁለታችንን በአንድ መደበችን። እሷ የኔታን ወሰደች፤ እኔ ደቀ መዝሙሩን። የመረጥኩት ቀላል ስለመሰለኝ ነው፤ ሁሉን ነገር በየቦታው የሚያስቀምጥ ሰው ለማጥናት ይመቻል።

የኔታም ቢሆን እስከመጨረሻ አልታመነላትም። በሌላ ቦታ ላይ ፈሪ ሆኖ የኖረ ወንድ ዳግም ሲወለድ ሴት ይሆናል ብሎ መጻፉን ስንማር፣ ጓደኛዬ እስከ ቤድፎርድ ድረስ መጽሐፉን ዘግታ ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ስትወርድ ብቻ «የኔታም ከዳኝ» አለች። ከልቧ አዝና ነበር፤ ከሞተ ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት በሆነው ሰውዬ የሚያዝን ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የጥርሱ ነገር የተበላሸው በዚያ ሰሞን ነው። እኛ ሁለት ሴቶች ጥርሳችንን ብንቆጥር ምን ይሆናል፤ እሷ ግን ወንድ አልቆጠርንም ብላ ስታብሰለስል ሰንብታለች። ባሏ ከሌሊት ሺፍት ገብቶ ቀን ላይ ይተኛል። አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ አገኘችው፤ ጠጋ ብላ ከንፈሩን በጣቷ ገለጥ አድርጋ መቁጠር ጀመረች። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ነቃ። እውነቱን ነገረችው። እውነቱ ደግሞ ከውሸት የባሰ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ የመጣው ግን የሚያስቅ አይደለም። እኛ ክፍል ነን። እሱ ደክሞት ልጅቷን ቲቪ ፊት አስቀምጦ እንቅልፍ ይጥለዋል። ልጅቷ ወንበር ጎትታ በሩን ከፍታ ወጣች። ፓርኪንጉን አቋርጣ መዋኛው አጥር ጋ ቆማ ያገኘቻት አንዲት ሜክሲኳዊት ጎረቤታችን ናት፤ በር በር እያንኳኳች ይዛት መጣች። ምንም አልሆነችም። እኛ ስንደርስ ባልየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ያንን ለቅሶ ስላየሁ ነው እስካሁን ልጠላው ያልቻልኩት።

ሰኞ ዕለት ለሽማግሌዎች ኮል አደረገ።

ቤተ ክርስቲያናችን ፋርመርስ ብራንች ውስጥ ነበረች፤ በአንድ ወገኗ የሸክላ ንጣፍ መጋዘን፣ በሌላው የኤሲ ጥገና አለ። የባልና ሚስት ጉዳይ የሚታየው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በልጆች ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላ ባዶ ክፍል አልነበረንም። አምስቱ ሽማግሌዎች በልጆች ወንበር ይቀመጣሉ። ካፖርት የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ፣ ከበላያቸው ልጆች በጥጥ የሠሯቸው በጎች ተለጥፈው፣ የሰው ትዳር ይዳኛሉ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። ሽማግሌ ሆኜ አይደለም፤ ሴት ሽማግሌ የለንም። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ አንድ ቀን ሐሳብ ተጠይቄ አላውቅም፤ እኔም አልከፋኝም ነበር። ደቀ መዝሙሩ ቢያየኝ እንዴት ደስ ባለው።

የእነሱ ጉዳይ ከሚታይበት እሑድ በፊት ግን የሠራሁት ሥራ ነበር። ከሴሚስተሩ የቀሩት አምስት ቅዳሜዎች ናቸው። ለሁለት እህቶች ደወልኩ፤ አንደኛዋ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዋሳ የመጡ እናት ናቸው፣ ሌላዋ ቅዳሜ ሥራ የሌላት የቢሮ ሠራተኛ። አምስቱን ቅዳሜ ተራ በተራ ልጅቷን ሊይዙ ሁለቱም እሺ አሉኝ። ስማቸውንና ቀናቸውን በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩና ከቃለ ጉባኤው ደብተር ጀርባ ሸጎጥኩት። ለጓደኛዬም መኪና ውስጥ ነገርኳት። «ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። «ካልጠየቁሽስ?» አለችኝ። ሰብሳቢያችን ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ አትጨነቂ፣ አልኳት።

ደግነታቸውን አልዋሸሁም። እኒህ ሰው እኔ ከአገር ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ መንዳት ያስተማሩኝ፣ አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ቤቴ የዋሉልኝ ናቸው። ክፉ ቢሆኑልኝ ኖሮ ይህንን ታሪክ መናገር በቀለለኝ።

ባልየው ረጅም ተናገረ። የልጅቷን ነገር ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ፤ ሁሉም አብረውት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ስለ ጥርሱ አወራ። «ሶ፣ ተኝቼ አፌ ውስጥ ጣት አገኘሁ። ምን እያደረግሽ ነው ስላት፣ አንድ የግሪክ ሰውዬ ያለውን እያጣራሁ ነው አለችኝ። እኔ ሚስት ነው ያገባሁት፣ ፈላስፋ አላገባሁም።» ሽማግሌዎቹ መሳቅ ጀመሩ፤ የሳቁትን ያህል መልሰው ፊታቸውን አጠቆሩ። አንዱ ከፍልስፍና ስለ መጠንቀቅ ጥቅስ አወጣ።

እሷ ሁለት ጥያቄ ተጠየቀች። ልጅሽ ብትጠፋ ኖሮስ? እና፣ ባልሽን ታከብሪያለሽ ወይ? ሁለቱንም መለሰች፤ ከዚያ ባልና ሚስት ኮሪደር ላይ እንዲጠብቁ ተባሉ። ስትወጣ አየችኝ። ያ አስተያየት አደራ ነበር።

ክርክሩ ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ክላሱን ድሮፕ ታድርገው፣ ትተወው የሚለው ሐሳብ ከአንዱ ወጣ፤ የተቃወመ አልነበረም። ለባልየውም ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ምክር ተጨመረለት። እኔ እየጻፍኩ ነው። ያኔ ጋሼ ከዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ወደኔ ዞሩ።

«እስቲ ልጄ፣ አንቺም ሴት ነሽ፣ አብራሽም ትማራለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አራት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ከጉልበቴ ላይ ባለው ደብተር ጀርባ ነበር። አፌን ከፈትኩና ምን አልኩ?

«እናንተ ካላችሁ፣ እኔ ምን እላለሁ?»

ይህንን የሚያነብ የኛ ሰው ያለሁበትን ያውቃል። ያ መልስ መልስ አልነበረም። ሰው ቤት ስንገባ ብሉ ስንባል በመጀመሪያው «በላሁ» እንደምንለው ነው። ሳይበላ የመጣ ሰው ነው «በላሁ» የሚለው፤ ባለቤቱም ያውቃል፤ «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል፣ በሦስተኛው እጅ ይታጠባል። እኔም ታላላቆቼ ፊት ዘልዬ ላለመግባት፣ መጀመሪያ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ «የለም፣ ተናገሪ እንጂ» እስክባል መጠበቄ ነው። እንዲህ ነው ያሳደጉን። አንገቴን ደፍቼ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

«ተባረኪ» አሉ ጋሼ። «ይኸውም ይጻፍ።»

ከዚያ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ። የጣሪያው ማፍሰስ ነበር።

ጣሪያውን ጨርሰው ኬክ ተቆረሰ፤ የአንዱ ሽማግሌ ልጅ ልደት ነበርና የተረፈውን አምጥቷል። ጋሼ አንድ ቁራሽ በሶፍት ይዘው መጡ። በቃኝ አልኳቸው። «ለኔ ስትይ» አሉኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ጠግቤአለሁ አልኩ። «አፈር ስሆን፣ ቅመሺ እንጂ!» ሦስተኛው ላይ ተቀበልኩ። ያንን ኬክ ስውጥ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም አልረሳሁትም፤ በእሳቸው አይደለም፣ በራሴ ነው። ለኬክ ሦስት ጊዜ የሚለምኑ ሰው ለሐሳብ አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ ብዬ እንዴት አላወቅሁም? ደግሞስ ማን ሦስት ጊዜ እስክትለመኚ ጠብቂ አለኝ?

ባልና ሚስቱ ተጠሩ። ውሳኔውን ማንበብ የጸሐፊ ሥራ ነው። አነበብኩ። አምስት ቁጥር ነበረው፤ አራተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ወረደ። «ጸሐፊዋም ሐሳቧን ተጠይቃ በውሳኔው ተስማምታለች።» ዝቅ ባለ ድምፅ ስላነበብኩት የማይሰማ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንዲፈርሙ ደብተሩን አዞርኩላቸው። እሱ ቶሎ ፈረመ። እሷ ግን «እስቲ ልየው» ብላ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ከላይ እስከ ታች አነበበች። አራተኛው ቁጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እትዬ፣ ይሄ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም እየጠበቋት ነው። «ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል» አለችኝ፤ ለነገር አልነበረም፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው። ፈረመች።

ያንን ሳምንት ሙሉ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ሌላ የለም። መጽሐፉ ሐሙስ ዕለት ወደ እሷ መሄድ ሲገባው አልሄደም። እሷም አልጠየቀችም። ሥራችንን ለማቅረብ ያዘጋጀቻቸው ካርዶች ግን የመኪናዬ በር ኪስ ውስጥ ቀርተው ነበር፤ በላስቲክ የታሰሩ አሥራ ሁለት ካርዶች፣ የኔታ ከነውሾቹ። አንድ ሰው ድንገት ብሬክ ሲይዝብኝ ተበትነው እግሬ ሥር ወደቁ። ዳር አቁሜ ለቀምኳቸው።

የማቅረቢያው ቅዳሜ ሲደርስ ብቻዬን ቆምኩ። የራሴን ጨርሼ የእሷን ካርዶች አነበብኩ። በእሷ ቃል ነው ያነበብኩት፤ ሴቷ ውሻ ስትጠብቅ እንደ ነውር የማያይ ገበሬ ሚስቱ ስትናገር ለምን ይደነግጣል የሚል ነበረበት። ክፍሉ ሳቀ። በጣም ጥሩ ነበር። የመጨረሻው ካርድ ላይ ያው ጥያቄ ብቻ ተጽፏል፦ ምክሩ ካላት፣ ሥልጣኑን ማን ወሰደባት? ከሥሩ ለመልስ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። መልሱን አብረን ልንሠራው ነበር። ባዶውን አነበብኩና ዝም አልኩ። አስተማሪያችን ሆን ብዬ ያቆምኩት መስሏት «ጎበዝ» አለችኝ። ከዚያ «ጓደኛሽስ?» ስትል ጠየቀች።

«የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሟት ነው» አልኩ። ኤ ሰጠችን። «ሰጠችን» የምለው በአፌ ነው፤ ውጤቱ የተመዘገበው በኔ ስም ብቻ ነው።

ለማስተካከል አልሞከርኩም እንዳይባል፣ ሞክሬአለሁ። የማቅረቢያው ማግስት እሑድ ጋሼን ፓርኪንግ ላይ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱን ሴቶች፣ ያኔ ቀርተው የነበሩትን አምስት ቅዳሜዎች፣ ጥርን። አስተማሪዋን ብንለምናት ትመልሳታለች አልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ማዘን ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ያኔ ለምን አልተናገርሽም? ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲጠይቁኝ… ደግመው ይሉኛል ብዬ…»

«እኔማ አምነሻል ብዬ ነው። አሁን ይሄን ከፍቼ ባልየውን ብጠራው፣ ሽማግሌ ቃሉን አጠፈ አይለኝም? ነገስ ማን ይሰማናል?» ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «አንቺ ብትናገሪ እኮ ሐሳብሽን እንወስደው ነበር።»

ይህ ነው ከሁሉ የጎዳኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ ጨዋነት ነበር። ደቀ መዝሙሩ ምክሯ ሥልጣን የለውም ሲል ስንት ቀን ሰድበነዋል። ያን እሑድ ግን ሥልጣኑ ተሰጥቶኝ ነበር፤ በሶፍት ተይዞ እንደቀረበው ኬክ እፊቴ ቀርቦ ነበር። በላሁ አልኩ።

የኋላውን ላሳጥረው። ጥር ላይ አመለከትኩ፣ ገባሁ፤ ዛሬ ነርስ ነኝ። እሷ በቀጣዩ ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፣ ከዚያ ባሏ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ። ትማር አትማር አላውቅም። ለመጠየቅ ስልኩን ብዙ ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ከጸሐፊነቱም ወጣሁ፤ ጊዜ የለኝም ብዬ ነው የወጣሁት፣ እውነቱን ደፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ነገር ግን ከመሄዳቸው በፊት፣ ያ ሴሚስተር ባለቀ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ካርዶቿን ይዤ ወረድኩ። በሩን እሷ ከፈተች። ልጇ ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ ቆማለች። በሩ ላይ አሁን ከልጅ ቁመት በላይ አዲስ ሰንሰለት ተበጅቶለታል። ካርዶቹን ሰጠኋት፤ ሳታያቸው ያዘቻቸው። ወደ ውስጥ ግቢ አላለችኝም።

«ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። ያ በር ስስ ነው። ‹እኔ ምን እላለሁ› ስትዪ፣ ኦኬ፣ አሁን ይለምኗታል፣ ከዚያ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እኔም እንዳንቺው ጠበቅሁ እኮ፣ እትዬ። ከዚያ ስለ ጣሪያ ሲያወሩ ሰማሁ።»

ይቅርታ ልላት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

«በይ እንግዲህ እኔ ልድገምልሽ» አለች። «አንቺስ፣ ምን ትያለሽ?»

በቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልነበረም። ትጠብቀኛለች። እና ደጃፏ ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። አምስት ቅዳሜ ብቻ እንደቀሩ፣ ሁለት ሴቶች ልጅቷን ሊይዙላት ቃል እንደገቡ፣ ባሏ እንቅልፍ እንጂ ክፋት እንደሌለበት፣ ከዚያ ክፍል ሁሉ የሚበልጥ ጭንቅላት የእሷ እንደሆነ፣ ክላሱን መተው እንደሌለባት፣ ይህ ውሳኔ ልክ እንዳልሆነና እንደማልስማማበት። ለማንም በማይጠቅምበት ቀን፣ ለማያስፈልጋት ሰው፣ አንድም ሳልዘል፣ ድምፄን ሳልቀንስ ተናገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንደ ጋሼ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች።

«ይኸውም ይጻፍ» አለችኝና በሩን ዘጋች።